ጠባቡ ውሃ፦ ስለ ወደብ ደሴቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ደሴት ነው። ውቅያኖስ መሐል ብቻውን የተቀመጠውን ደሴት ግን እንተወው፤ የእሱ ወሬ ሞልቷል። የኔዎቹ ከከተማ አፍንጫ ሥር ያሉት ናቸው። ወደቡ አፍ ላይ ተቀምጠው መርከብ ሲገባና ሲወጣ የሚያዩት። ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ዛፎቻቸውን መቁጠር ይችላል። እንዲያም ሆኖ ብዙው የከተማ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጣቸው ያረጃል።

ዓመት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንዴ ልናገረውና ይለፍ።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። የወደብ ደሴትን ዕጣ የሚወስነው በእሱና በየብሱ መካከል ያለው ጠባብ ውሃ ነው። ያ ውሃ ሰው እንዳይወጣ ለማገድ ይበቃል። እህልና እንጨት ለማመላለስ ግን አያስቸግርም። ነጋዴውን፣ ወታደሩን፣ በሽተኛውን፣ እስረኛውንና ቆሻሻውን ሁሉ ወደ ደሴት ያመጣው ይሄ ልክ ነው። ሰው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ ወፉን አመጣው።

ከጥንቱ ልጀምር። በዛሬዋ ሊባኖስ ዳርቻ ጢሮስ የምትባል ከተማ ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ስሟን ያውቃታል። ዋናው ከተማ የቆመው ከባሕሩ ዳር ራቅ ባለ ደሴት ላይ ነበር። ከየብስ የሚመጣ ጦር ዳር ደርሶ ይቆማል፤ ጢሮሶች ከግንባቸው ላይ ሆነው ያዩታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ታላቁ እስክንድር መጣ። ሲጀምር በቂ መርከብ አልነበረውም። ታዲያ ምን አደረገ? ባሕሩን ደለደለው። የብሱ ላይ የነበረውን አሮጌ ከተማ እያፈረሰ፣ ድንጋዩንና እንጨቱን ውሃ ውስጥ እየከተተ፣ እስከ ደሴቱ የሚያደርስ መንገድ ሠራ። ወደ ሰባት ወር ከፈጀ ከበባ በኋላ ጢሮስ ወደቀች።

ለእኔ ከጦርነቱ ይልቅ ተከትሎ የመጣው ነገር ይበልጣል። ያ ድልድል ሞገዱን ገታው። አሸዋ በሁለቱም ጎን ይከማች ጀመር። ዘመን ዘመንን ሲተካ መንገዱ እየሰፋ ሄዶ ምድር ሆነ። ዛሬ ጢሮስ ደሴት አይደለችም። ሰው ቤት ሠርቶ የሚኖረው እስክንድር ባስደፋው ድንጋይ ዙሪያ በተጠራቀመ አሸዋ ላይ ነው።

እስክንድርያም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል። ዝነኛው የመብራት ማማ የቆመው ፋሮስ በምትባል ደሴት ላይ ነበር። ደሴቷን ከከተማው ጋር በድልድል አገናኟት፤ ደለል ሞላውና ዛሬ ሰፈር ነው። ማማውን የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ቃይትባይ እዚያው ቦታ ላይ ምሽግ አስገነባ። በ1990ዎቹ ጠላቂዎች ከምሽጉ ሥር ባሕር ውስጥ ግዙፍ ድንጋዮች አግኝተዋል።

ምጽዋ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሮጌው ከተማ የተሠራው በውጭኛው ደሴት ላይ ነው። በእሱና በየብሱ መካከል ጥዋለት የምትባል ሁለተኛ ደሴት አለች። አሮጌዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ኦቶማን ቱርኮች ከተማዋን በ1557 ያዟት። ጥሩ ወደብ አገኙ። አንድ ነገር ግን ጎደላቸው፤ የሚጠጣ ውሃ። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ነበሩ፤ ግን አይበቁም። ስለዚህ ውሃ ከየብስ፣ ከሕርጊጎ በኩል መምጣት ነበረበት። ሕርጊጎ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ናይብ የሚባሉት የአካባቢው ሹማምንት ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ደሴቱ ላይ ሰንደቅ ዓላማና መድፍ አለ፤ የመጠጥ ውሃው በናይቡ እጅ ነው። ናይቡ የኮረፈ ቀን ከተማው በሙሉ ይጠማል። ጠባቡ ውሃ ጠላትን እንደሚከለክል ሁሉ ባለቤቱንም ያግታል ማለት ነው። በ1870ዎቹ ለግብፅ መንግሥት ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብስ የሚያገናኝ መንገድ በባሕሩ ላይ አስደለደለ። ከዚያ ወዲህ ምጽዋን ደሴት ብሎ የሚያስባት ሰው ቀነሰ።

በዚያው ባሕር ወደ ሰሜን ሱዋኪን አለች። እሷም የኮራል ከተማ ነበረች። መርከቦች እየተለቁ ሲመጡ ጠባቡ መግቢያዋ አልበቃ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች ፖርት ሱዳንን ሠሩ። ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ሄደ። የኮራል ግንብ ልስኑን የሚያድስለት ሰው ካጣ ብዙ አይቆይም። ዛሬ አሮጌዋ ሱዋኪን አብዛኛዋ የፍርስራሽ ክምር ናት።

ጃፓኖች ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። ውሃ ከሌለ ይሠራል አሉ። በ1636 ናጋሳኪ ወደብ ላይ ደጂማ የምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት አለቀች። ስፋቷ ከ1 ሄክታር ተኩል አይበልጥም። መጀመሪያ የታሰበችው ፖርቹጋሎችን ከሕዝቡ ለመነጠል ነበር። በ1641 ሆላንዳውያን ነጋዴዎች ገቡባት። ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ ጃፓን ከአውሮፓውያን ጋር የምትነግደው በዚች ቁራጭ መሬት በኩል ሆነ። አንድ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ ዘበኛ አለ። ያለ ፈቃድ መውጣት የለም። የነጋዴዎቹ አለቃ በየጊዜው ኤዶ፣ ማለትም የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ድረስ ሄዶ ሾጉን ለሚባለው የአገሪቱ ገዢ እጅ ይነሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። በኋላ ዘመን ወደቡ ሲሰፋ ዙሪያዋ በአፈር ተሞላና ከተማው ዋጣት። አሁን ጉድ በሉ፤ ያው ከተማ መልሶ ደሴት ሊያደርጋት እየደከመ ነው። በ2017 አዲስ ድልድይ ተሠርቶላታል።

ወደ በሽታው እንምጣ።

በ1377 ራጉዛ፣ ማለትም የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጣ መርከብና ሰው በአቅራቢያ ባሉ ደሴቶች ላይ 30 ቀን እንዲቆይ ደነገገች። ቬኒስ በ1423 ከከተማው ፊት ለፊት ባለ ደሴት ላይ የቸነፈር ሆስፒታል ከፈተች። በ1468 ደግሞ ለተጠርጣሪዎች ሌላ ደሴት ጨመረች። እኛ በኮሮና ጊዜ ለይቶ ማቆያ ያልነው ነገር ያኔም ነበር። ላልታመመው ግን ለተጠረጠረው ሰው የተለየ ደሴት መስጠት ቀላል ሐሳብ አይደለም። የባክቴሪያ ስም እንኳ በማይታወቅበት ዘመን ነው። ሸቀጡን እያወጡ ያናፍሱታል፤ በቅጠላ ቅጠል ጭስ ያጥኑታል። ሁለተኛው ደሴት ላይ ያለው ትልቁ መጋዘን እስከ ዛሬ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ቀናቸውን የሚጠብቁት ነጋዴዎችና ሠራተኞች በቀይ ቀለም የጻፉት ጽሑፍ አለ። ስም፣ የመርከብ ሥዕል፣ ከየት እንደመጡ። ሥራ የፈታ ሰው ግድግዳ ላይ መጻፉ የዛሬ አመል አይደለም።

ሐሳቡ ዓለምን አዳረሰ። ኒው ዮርክ በ1860ዎቹና በ70ዎቹ ሆፍማንና ስዊንበርን የሚባሉ ሁለት ደሴቶችን ባሕር ውስጥ ሠርታ ለይቶ ማቆያ አደረገቻቸው። እዚያው ኒው ዮርክ ኖርዝ ብራዘር የሚባል ደሴት አለ። ሜሪ ማሎን የታሰረችው እዚያ ነው። ሜሪ ምግብ አብሳይ ነበረች። የታይፎይድ ተሕዋስ በሰውነቷ አለ፤ እሷ ግን አልታመመችም። ጤነኛ ነኝ ትላለች፤ ሐኪሞቹ አይደለሽም ይላሉ። በ1907 ወሰዷት፤ በ1910 ምግብ እንዳታበስል አስፈርመው ለቀቋት። ሌላ ሙያ አልነበራትም፤ ስሟን ቀይራ ወደ ማብሰሉ ተመለሰች። በ1915 እንደገና ተያዘች። በ1938 እስክትሞት ድረስ ኑሮዋ እዚያው ደሴት ላይ ሆነ። እኔ በዚህ ታሪክ ላይ ፍርድ መስጠት ይከብደኛል። በእጇ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። እሷ ግን ወንጀለኛ ተብላ ፍርድ ቤት አልፈረደባትም፤ ከተማው የሚያያት ግን የማያገኛት ቦታ ላይ አስቀመጣት።

ኤሊስ ደሴትን ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። ከ1892 እስከ 1954 ወደ 12 ሚሊዮን ስደተኛ አሜሪካ የገባው በእሱ በኩል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተፈጥሮው ደሴት በጣም ትንሽ ነበር፤ አብዛኛው በኋላ የተደፋ አፈር ነው። በ1998 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተደፋው አፈር አብዛኛው የኒው ጀርሲ እንጂ የኒው ዮርክ አይደለም ብሎ ፈረደ። የድንበር ክርክር የትም አይቀርም።

አሁን ቦስተን ላይ ልቀመጥ። አንድ ወደብ ምን ያህል ታሪክ ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እዚያ 34 ደሴቶችና ልሳነ ምድሮች በአንድ ጥብቅ ቦታ ሥር ተይዘዋል። አብዛኞቹ ኮረብታ ነበሩ። በበረዶው ዘመን የበረዶ ግግር አፈርና ጠጠር እየገፋ ክብ ጀርባ ያላቸው ረዣዥም ጉብታዎች ሠራ። በረዶው ቀለጠ፤ ባሕሩ ከፍ አለ፤ ሸለቆዎቹ ተዋጡ፤ የጉብታዎቹ ጀርባ ብቻ ከውሃ በላይ ቀረ። ልብ በሉ፤ አለት አይደሉም። የተከመረ አፈርና ጠጠር ናቸው። ይሄ ኋላ ይጠቅመናል።

በ1716 ሊትል ብሩስተር በምትባል ቋጥኝ ላይ የመርከብ መብራት ማማ ቆመ። ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ በሚባለው አገር የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ ጆርጅ ዎርዚሌክ በ1718 ከሚስቱና ከልጁ ጋር ጀልባቸው ተገልብጦ ሰጠመ። ውሃው ጠባብ ነው ስል ገራም ነው ማለቴ አይደለም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያኔ በወንድሙ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ልጅ ነበር። ስለ አደጋው ግጥም ጽፎ በከተማው እየዞረ ሸጠ።

ዲር ደሴት ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። በ1675 በእንግሊዝ ሰፋሪዎችና በአገሬው ሕዝቦች መካከል ጦርነት ተነሳ። ክርስትናን ተቀብለው በራሳቸው መንደር የሚኖሩ የአገሬው ሰዎች ነበሩ፤ ናቲክ አንዱ መንደር ነው። ከሰፋሪዎቹ ጋር አልተዋጉም። ሰፋሪዎቹ ግን አላመኗቸውም። በጥቅምት ወር በጀልባ ጭነው ዲር ደሴት ላይ ጣሏቸው። የብርዱ ወራት እየገባ ነው። በቂ ምግብ የለም፤ መጠለያ የለም። ባሕሩ ሲጎድል ከዳርቻው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ እየለቀሙ በሉ። ደሴቱን ጥሎ የወጣ ይገደላል ተብሎ ታወጀ። እዚያ ከተጋዙት ወደ 500 ከሚሆኑ ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። ከተማው በአሻጋሪ ይታያል። የጭስ ማውጫው ጭስ ይታያል። የዘር ልጆቻቸው ዛሬም በጥቅምት እየተሰበሰቡ ያስቧቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያው ደሴት ምን ሆነ መሰላችሁ? በ1847 ከአየርላንድ ረሃብ የሸሹ ስደተኞች ታመው ሲመጡ ለይቶ ማቆያ ሆነ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እዚያ ተቀበሩ። ቀጥሎ ወህኒ ሆነ። በ1938 ማዕበል ከየብስ የሚለየውን ሰርጥ በአሸዋ ደፈነውና ደሴትነቱ ቀረ። ዛሬ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው፤ 12 ግዙፍ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ታንኮች ከሩቅ ይታያሉ። ጦርነት፣ ረሃብ፣ ወንጀል፣ ፍሳሽ። ከተማው ለማየት ያልፈለገውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አስቀመጠ። ከዓይን የራቀ ከልብ የራቀ ይባል የለ? እዚህ ግን ከዓይን እንኳ አልራቀም።

ፍሳሹን ግን አልነቅፈውም። ማጣሪያው ከመሠራቱ በፊት የቦስተን ወደብ ቆሻሻነቱ የታወቀ ነበር። ከ2000 ጀምሮ የተጣራው ውሃ ከባሕሩ ወለል በታች በተቆፈረ ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መተላለፊያ ወጥቶ ራቅ ያለ ባሕር ውስጥ ይለቀቃል። ወደቡ ጠራ። ሲል የሚባለው ዓሣ በል እንስሳ ቋጥኞቹ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል።

እንግዲህ ወደ እንስሳቱ ገባን።

ወፍ ለምን የወደብ ደሴት ይወዳል? የመርከቡ ጩኸት አለ፤ የዘይት ሽታ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ነው። ወፉ ግን ይሄ ሁሉ ግድ የለውም። እንቁላሉን መሬት ላይ የሚጥል የባሕር ወፍ የሚፈራው ቀበሮን፣ ድመትንና አይጥን ነው። ጠባቡ ውሃ እነሱን ያግዳል። ምግቡ ደግሞ ደጅ ላይ ነው፤ ወደብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት፣ ውሃው የማይጠልቅ፣ ዓሣው የሚበዛበት ቦታ ነው። ሰው በሌሊት ከሌለ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሜሪ ማሎን የታሰረችበት ኖርዝ ብራዘር ሆስፒታሉ ተዘግቶ ሲለቀቅ ዛፍ ወረሰው። ሳቢሳዎች ጎጆ ሠሩበት። ዛሬ ጥብቅ የወፍ ቦታ ነው፤ ሰው በፈቃድ ካልሆነ አይገባም። ለይቶ ማቆያ የነበሩት ሆፍማንና ስዊንበርን ደግሞ በብርዱ ወራት የሲሎች ማረፊያ ናቸው።

ግን ገነት አድርጌ እንዳልስላችሁ። ወፎቹ እርስ በርሳቸውም አይተዛዘኑም። ኮርሞራንት የሚባለው ጥቁር ዓሣ አጥማጅ ወፍ በመንጋ ዛፍ ላይ ይሰፍራል። ኩሱ ከላይ ይወርዳል፤ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ አፈሩን ይለውጣል። በጥቂት ዓመታት ዛፉ ይደርቃል። እዚያው ዛፍ ላይ ጎጆ የነበረው ሳቢሳ ቤት አልባ ይሆናል። ጋል የሚባለው ነጭ የባሕር ወፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከተሞች ቆሻሻቸውን ሜዳ ላይ ሲከምሩ ጋል በላ፤ በዛ። ከዚያ ከእሱ ያነሱትን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይለቅም ጀመር። ቆሻሻ የጣለው ከተማ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ደሴቱ ላይ ያለ ትንሽ ወፍ ነው።

ዋናው ጠላት ግን አይጥ ነው። መርከብ ባለበት አይጥ አለ። አይጥ ደግሞ ይዋኛል። ምን ያህል? እሱን ያሳየን አንድ የኒውዚላንድ አይጥ ነው።

ከኦክላንድ ፊት ለፊት ባለው የሃውራኪ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ደሴቶች አሉ። አይጥ ከመጣባቸው ወዲህ በመሬት ላይ የሚኖሩ ወፎች ከብዙዎቹ ጠፍተዋል። ኒውዚላንዳውያን ደሴቶቹን አንድ በአንድ ከአይጥ ማጽዳት ይዘዋል። በ2004 ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ከአይጥ በጸዳ ደሴት ላይ አንድ አይጥ ብቻ ቢገባ ለመያዝ ምን ያህል ይቀላል? አንድ ወንድ አይጥ አንገቱ ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ አድርገው ሞቱሆሮፓፓ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ለቀቁት። ስፋቷ ወደ 9 ሄክታር ነው። ራዛ ብለው ሰየሙት። የት እንዳለ በሬዲዮ ያውቃሉ፤ መያዝ ግን አልቻሉም። ወጥመድ አኖሩ፤ አልነካውም። መርዝ አኖሩ፤ አልቀመሰውም። ውሻ አመጡ፤ አመለጠ። ከ10 ሳምንት በኋላ የሬዲዮው ድምፅ ጠፋ። ኋላ ላይ አጠገብ ባለችው ኦታታ ደሴት የአይጥ ኩስ ተገኘ። በዘረመል መረመሩት፤ ራዛ ራሱ ነው። 400 ሜትር ክፍት ባሕር ዋኝቶ ተሻግሯል! በመጨረሻ በ18ኛው ሳምንት ተያዘ። ወጥመዱ ላይ የተደረገለት ማባበያ የፔንግዊን ሥጋ ነበር።

ይሄ ታሪክ ያስቃል፤ ግን ሥራቸውን ቀየረው። አንድ አይጥ ቁምነገር አይሆንም የሚል ሰው ቀረ። ለምሳሌ ራንጊቶቶን እንውሰድ። ከኦክላንድ ደጅ ያለ የእሳተ ገሞራ ደሴት ነው፤ ከባሕሩ የወጣው የዛሬ 600 ዓመት ገደማ ነው። ሲፈነዳ አመዱ አጠገቡ ባለችው ሞቱታፑ ላይ ወረደ፤ በአመዱ ላይ የተራመዱ ሰዎችና ውሾች ዱካ እስከ ዛሬ ታትሞ ይታያል። ሁለቱ ደሴቶች በ2011 ከአይጥ፣ ከድመትና ከመሳሰሉት ነፃ ተባሉ። አሁን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቦርሳውን ይፈትሻል፤ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል። የሚያሸቱ ውሾችም አሉ። በፊት ከደሴት ወደ ከተማ በሽታ እንዳይገባ ነበር የሚፈተሸው። አሁን ከከተማ ወደ ደሴት እንዳይገባ ነው።

ሮብን ደሴት ላይ ሁለቱ ታሪኮች ይገናኛሉ። በኬፕ ታውን አጠገብ፣ ከየብሱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ይህ ደሴት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የግዞት ቦታ ነበር። ከ1846 እስከ 1931 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቀመጡበት። ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት እዚያ ነው። እስረኞቹ በኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ የነጩ ድንጋይ ነጸብራቅ ዓይናቸውን ጎድቷል። መርከበኞች ድሮ ፔንግዊኖቹን ለሥጋና ለእንቁላል ብለው ጨርሰዋቸው ነበር። በ1983፣ ደሴቱ ገና ወህኒ ሳለ፣ ፔንግዊኖች ማንም ሳያመጣቸው ተመልሰው ጎጆ ያዙ። ሰው በማይወጣበት ደሴት ወፉ በፈቃዱ ገባ። እኔ ከዚህ ትርጉም አላወጣም፤ ምቹ ቦታ አግኝተው ነው። ሰው ታስሮ የሚጠበቅበት ባሕር ዳር ለወፍ ጸጥ ያለ ነው።

በሰኔ 2000 ማዕድን የጫነች መርከብ ሮብንና ዳሰን በሚባሉ ደሴቶች መካከል ሰጠመች፤ የነዳጅ ዘይቷ ፈሰሰ። ወደ 19 ሺህ ፔንግዊን በዘይት ተለወሰ። ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ አንድ በአንድ አጠባቸው። ያልተለወሱትስ? ወደ 19 ሺህ ተኩል የሚሆኑ ንጹሕ ወፎች ነበሩ። ቢተዋቸው ወደ ዘይቱ ይገባሉ። አስሮ ማቆየት አይቻልም። አንድ ሰው ብልህ ሐሳብ አመጣ። በመኪና ጭነው ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ወሰዷቸውና ባሕር ላይ ለቀቋቸው። ፔንግዊን ቤቱን ያውቃል፤ ዋኝቶ ይመለሳል። እስኪመለስ ዘይቱ ይጸዳል። ሦስቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ታሰረ፤ ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ። ሕዝቡ በየቀኑ የት እንደደረሱ ይጠይቅ ነበር። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመለሱ። ዛሬ ግን የአፍሪካ ፔንግዊን በ2024 ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ተመድቧል። ዋናው ችግር የሚበላው ዓሣ ማነሱ ነው፤ እሱን ደግሞ በመኪና ጭኖ ማምለጥ አይቻልም።

ስለ መሬቱ ራሱ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ቅድም የቦስተን ደሴቶች የአፈር ክምር ናቸው ብያለሁ። ኒክስስ ሜት የምትባል ደሴት በ1636 ወደ 5 ሄክታር ነበረች፤ በግ ይሰማራባት ነበር። መርከበኞች ለመርከብ ማመጣጠኛ ድንጋይ ቆፈሩባት። ባሕሩም የራሱን ድርሻ ወሰደ። በ1726 ዊልያም ፍላይ የተባለ የባሕር ወንበዴ ተሰቅሎ ሬሳው ለመቀጣጫ እዚያ ተንጠለጠለ። ያኔ ማንጠልጠያ የሚተከልበት መሬት ነበር። ዛሬ ባሕር ሲሞላ የሚታየው የመርከብ ምልክት ብቻ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

የተቃራኒውም አለ። በአሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ያለው ፖፕላር ደሴት በ1847 ከ1 ሺህ ኤከር በላይ ነበር፤ በ1990ዎቹ ጥቂት ኤከር ቀረው። የባልቲሞር ወደብ የመርከብ መንገዱን ሲጠርግ የሚያወጣውን ጭቃ የት ልድፋው ይል ነበር። በ1998 ሥራው ተጀመረ፤ ጭቃው እዚያ ተደፋ። ደሴቱ እንደገና ተሠራ። የውሃ ኤሊዎች መጥተው አሸዋው ላይ እንቁላል ጣሉ። ቀበሮና ራኩን የሚባለው አውሬ ስለሌሉ አብዛኛው ጎጆ ሳይበላ ይፈለፈላል። ስፔክታክል የሚባለው የቦስተን ደሴትም የፈረስ ሥጋ መቀቀያ፣ ከዚያ እስከ 1959 የከተማ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ከተማው ሥር ለመኪና መንገድ ዋሻ ሲቆፈር የወጣው አፈር ቆሻሻውን ሸፈነው፤ ዛፍ ተተከለበትና በ2006 ለሕዝብ ተከፈተ። ዳርቻው ላይ ባሕር ያለሰለሰው የጠርሙስ ስባሪ ይገኛል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ። ያምራል። መውሰድ ግን ክልክል ነው፤ ቆሻሻው አሁን ቅርስ ሆኗል።

ከንግግሩ በኋላ ከተጠየቁት ሁለቱን ልጨምር።

አንዱ ወንድማችን፣ ለነዚህ ደሴቶች ድልድይ መሥራት አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደ ደሴቱ ነው። ድልድይ ሰው ብቻ አያሻግርም፤ ቀበሮና ድመትም ይሻገራሉ። ሰው የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ ድልድዩ ሲበላሽ ጣጣ ነው። ቦስተን ሎንግ አይላንድ ላይ መጠለያና የሱስ ሕክምና ነበር። በጥቅምት 2014 ድልድዩ ያሠጋል ተብሎ ተዘጋና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ደሴቱን እንዲለቁ ተደረገ። ለወፍ የተተወ ደሴት ከሆነ ጀልባ ይበቃል ባይ ነኝ።

አንዲት እህት ደግሞ፣ ወፎቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ምን ይጠንቀቅ አለች። በመራቢያ ወራት የተከለለ ቦታ አትግቡ። ጫማችሁንና ቦርሳችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት አራግፉ። የምግብ ትርፍራፊ አትጣሉ። በጀልባ ስትጠጉ ወፎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ማየት ከጀመሩ እዚያው ቁሙ። ተነስተው ከበረሩ በጣም ቀርባችኋል፤ ሞተሩን ቀንሳችሁ ራቁ። እናትየው እስክትመለስ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ጋል ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈልግም።